ላልቶ የተነበበው አንቀጽ ሰባት

«በተሻሻለው የመንደሩ የልማትና የሥነ ሥርዓት ደንብ አንቀጽ ሰባት መሠረት ነዋሪው በድምፅ ማጉያ የሰማ በመሆኑ፣ ደንቡ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። የደንቡ አርቃቂም ሥራውን በሚገባ ያጠናቀቀ ስለሆነ በምስጋና ተሸኝቷል።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ያነበብኩላችሁ ከደጃፋችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አንድ ፊደል አልቀነስኩም። «የደንቡ አርቃቂ» የተባልኩት እኔ ነኝ። መሸኘቴን ያወቅሁት እንደማንኛውም አላፊ አግዳሚ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳነብ ነው። ቦርሳዬ በእጄ ነበር፤ ምሳዬም ቦርሳዬ ውስጥ። ከተሸኘ በኋላ ሥራ የገባ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቢሆንም ምስጋና ይቅደም። ማስታወቂያውን የለጠፈው አንድ እጅ ነው፤ ይህን አዳራሽ የጠረጉት፣ ወንበር የደረደሩት፣ አበባውን ያመጡት ግን ብዙ እጆች ናቸው። ለእናንተ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ኬኩንም አይቻለሁ። ያምራል። ብቻ «መልካም ሽኝት» ከሚለው ላይ «ኝ» ቆቧን ጥላለች። ጠጋ ብላችሁ እዩት። በዚህ ዕድሜዬ ሐኪም ብቻ የሚመኝልኝን ነገር ተመኝቶልኛል።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም እበላዋለሁ። ግን አያችሁ? አንዲት ጭረት ስትጎድል ሰው ከስንብት ወደ ክሊኒክ ይሄዳል። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

በኮሪደሩ «ጋሼ አራት ነጥብ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አልከፋኝም። ባለቤቴማ የባሰ ታውቃለች። አንድ ቀን ስወጣ «ስትመለስ ዳቦ ወይም ወተት ይዘህ ና» አለችኝ። ዳቦ ይዤ ገባሁ።

«ወተቱስ?»

«ወይም ነው ያልሽው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ የምክር ቤት አባል ነኝ እንዴ?»

እውነቷን ነው። ቤት ውስጥ «ወይም» እና «እና» እየተቀያየሩ ሰላም ይኖራል። ደንብ ውስጥ ግን «ወይም» የሰው አጥር ያፈርሳል፣ «እና» የሰው ጉድጓድ ይደፍናል። እኔ ለዚህ ነው ዕድሜዬን የሰጠሁት። ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ ሲልከኝ ከተማ ውስጥ ትልቅ ቢሮ ልገባ እችል ነበር። እዚህ የመጣሁት መንደር ትንሽ ስለሆነ ደንቡ ከሰው ፊት ጋር ይገናኛል ብዬ ነው። ከተማ ውስጥ አንቀጽ የሚነካው ሰው አይታይም። እዚህ ግን የጻፍከው አንቀጽ ጠዋት መንገድ ላይ «እንደምን አደርክ» ይልሃል።

የድሮውን ደንብ ታስታውሳላችሁ? መንደሩ አንድ መንገድና አንድ የውሃ ጉድጓድ በነበረበት ዘመን የተጻፈውን? «ማንም ሰው በቅሎውን በምክር ቤቱ በር ላይ ማሰር አይችልም» ይል ነበር። እኔ ስመጣ በመንደሩ ውስጥ አንድም በቅሎ አልነበረም። ምክትል ሊቀ መንበራችን ግን፣ በፍቅር «አሳጥረው» የምንላቸው ማለቴ ነው፣ በዚያው አንቀጽ ሞተር ብስክሌት ይቀጡ ነበር። ባለሞተሩ «በቅሎ አይደለም እኮ ጌታዬ» ሲላቸው ምን አሉት? «ይጋለባል ወይስ አይጋለብም?»

ይህን ደንብ ነው እንድናድስ የታዘዝነው። አጥር፣ ጉድጓድ፣ የመንገድ ስፋት፣ የቤት ከፍታ፣ ውሃ መውረጃ፤ ከዚያም ሥነ ሥርዓቱ፦ ረቂቅ እንዴት ይቀርባል፣ ማን ያየዋል፣ ማን ይናገርበታል፣ መቼ ይጸናል።

ሥራው ምን ይመስል ነበር? በማላውቀው አገር ውስጥ ዓይን ገልጦ መተኛት ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ የስብሰባው ክፍል መጋረጃ ሲዘጋ አረንጓዴ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። ካርታው ተዘርግቷል። የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ቋ እያለ ይፍታታል። ጣቴን ካርታው ላይ ባኖርኩ ቁጥር ቀስ ብሎ መንገድ ይከፈትልኝ ነበር። ጥላ ያለው፣ ዳርና ዳሩ የውሃ መውረጃ የተሠራለት መንገድ። ገና ያልተተከሉ ዛፎች ቅጠላቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ገና ያልተወለዱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እሰማለሁ፤ አንዱ ካልሲው ወርዷል። ጎንበስ ብዬ ልስብለት ስል ብእሬ ይወድቅና እነቃለሁ።

ቀያሹ ወዳጄ፣ «ሜትር» የምንለው፣ ከእኔ የባሰ ነበር። አንድ ጠዋት ጭጋግ በወረደበት የባቄላ ማሳ መሐል ክንዴን ይዞ «ቁም! አደባባይ ላይ ነህ» አለኝ። ቆምኩ። ሁለታችንም ግራና ቀኝ አይተን አሳለፍን። ምኑን ነው ያሳለፍነው? ገና ያልተገዙ መኪናዎችን። ባለማሳው ከጭጋጉ ወጥቶ ትክ ብሎ አየን።

«ጌቶች፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«አደባባይ» አለው ሜትር።

«እንግዲያው ስታገኙት፣ ባቄላዬን እንዳይረግጥብኝ ንገሩልኝ።»

እኔና ሜትር ተሳስቀን አለፍን። ግን ያ ሰውዬ የተናገረው ነገር ሳይለቀኝ ቢሮ ድረስ ተከተለኝ። እኛ በሕልማችን መንገድ ስናሰፋ እርሱ የቆመው በእውነተኛው አፈር ላይ ነበር። ሕልማችን የሚያልፍበት ሁሉ የሚነካው ሰው አለ። እና ያ ሰው «ባቄላዬን» የሚልበት ቦታ የት ነው? በየትኛው ወንበር? በየትኛው ቀን? ማን ፊት?

አንቀጽ ሰባትን የጻፍኩት ያን ዕለት ነው። እንዲህ ይል ነበር፦ «ደንቡ ከመጽናቱ በፊት የነዋሪው ቃል ይሰማል።»

ረቂቁ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ ግን አሳጥረው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ይህ አንቀጽ ረዝሟል» አሉ። ስድስት ቃል ነው። «የነዋሪው ቃል ይሰማል ከምንል ነዋሪው ይሰማል ብንል ያው አይደለም? ቃሉን እናውጣው።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ከአንቀጹ ውስጥ የወጣው ቃል «ቃል» ነው።

አጥብቄ ተቃወምኩ። «ይሰማል» የሚለው ፊደላችን ላይ አንድ ሆኖ በአፋችን ሁለት ነው አልኩ። «ሰ»ም «ማ»ም ሲጠብቁ ነዋሪው ተናጋሪ ነው፤ እኛ ጆሮ እንሰጠዋለን። ሲላሉ ነዋሪው አድማጭ ነው፤ እኛ እንናገራለን፣ እርሱ አፉን ይዘጋል። አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ግን አንደኛው ወንበር ይሰጠዋል፣ ሌላኛው ወንበሩን ይነሣዋል። አሳጥረው ሳቁ። «ጋሼ፣ ሁላችንም አጥብቀን ነው የምናነበው። ማን ያላላዋል?» አሉኝ። እጅ ወጣ፤ አለፈ።

ማን ያላላዋል? እሺ፣ ልንገራችሁ።

ከዋናው መንገድ ጥግ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ አሉ። እትዬ እላቸዋለሁ። የዚህን አዳራሽ መጋረጃ የሰፉት እርሳቸው ናቸው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ ጀርባው ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ፣ መስኮት የሌለው። በቀን ውስጡ ገብታችሁ መርፌ ብትጥሉ እስከ ማግስቱ አታገኙትም። ስለዚህ የስፌት መኪናቸው የተተከለችው በረንዳው ላይ ነው። ክር የሚያስገቡበት ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነው። በአዲሱ ደንብ መንገዱ ሲሰፋ ከሚነሡት በረንዳዎች አንዱ የእርሳቸው ነው። በረንዳው ከተነሣ ቤታቸው ይቀራል፤ ሥራቸው ግን ይሄዳል።

መንገዱ አይስፋ አላልኩም። እኔ ነኝ «ይስፋ» ብዬ የጻፍኩት። ግን እትዬ መጥተው «ወደዚያኛው ወገን ሁለት ክንድ ብትገፉት የእኔ ብርሃን ይተርፋል፤ ማዶ ያለው ባዶ አጥር ነው» ቢሉ፣ ሜትር ሄዶ ለክቶ ምናልባት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ምናልባት ላይሆንም ይችላል። የመስማት ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አስቀድመህ አታውቅም።

ታዲያ እንዴት ተሰሙ?

«ጡሩምባው» የምንለው ሾፌራችን መኪናው ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ፣ ደንቡን ከአንቀጽ አንድ እስከ መጨረሻው እያነበበ በመንደሩ ዞረ። ንባቡ እንደ ነዱ ፈጣን ነው። እትዬ መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ ስለነበር ከሁሉ የደረሳቸው «…ዎች… ከ… ድረስ…» የሚል ብቻ ነው። ሽንኩርት ሻጭ መሰላቸው። ብድግ ብለው «ኪሎው በስንት ነው?» ብለው ጮኹ።

«አንቀጽ ሠላሳ!» ብሎ አለፈ።

«ሠላሳ? ወዲያ! በዚህ ዋጋማ ራሴ እተክላለሁ!»

በኋላ ጎረቤት ነገራቸው። ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወደዚህ መጡ። በዚያ ኮሪደር ላይ፣ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ እየሰማሁ፣ ከአሳጥረው ጋር የተነጋገሩት ይህ ነው፦

«የመጣሁት ስለ በረንዳዬ ልናገር ነው።»

«ደንቡን ሰምተዋል አይደል እትዬ?»

«አዎ፣ ሰምቻለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ አለቀ። ደንቡም የሚያዘው እንዲሰሙ ነው።»

«እኔ እኮ ገና አልተናገርኩም!»

«መናገር የሚል አንቀጽ የለንም።»

እትዬ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ እርሳቸው ግን ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ይህን የጻፍከው አንተ አይደለህም? መንደሩን ጆሮ ብቻ አድርገህ ፈጠርከው? ምላሳችንን ለማን ሰጠህብን?» አሉኝ። ዞረው ሄዱ። በኩርፊያ የተራመዱት እርምጃ እስከ አጥሩ በር ድረስ ይሰማ ነበር። ይሰማ ነበር ስል፣ ጠብቆ ነው።

ወደ አሳጥረው ቢሮ ገባሁ። አልተቀመጥኩም።

«አንቀጽ ሰባት ጠብቆ ነው የሚነበበው» አልኩ።

«እርስዎ ራስዎ የጻፉት ነው። ይሰማል ይላል። ሰሙ።»

«ጠብቆ ነው! እዚህ አዳራሽ ውስጥ አጥብቀን አንብበን ነው ያጸደቅነው!»

ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉት። «ጥብቀቱን ወረቀቱ ላይ ያሳዩኝ።»

ወረቀቱን አየሁት። ነጭ ነው። ፊደሎቹ ዝም ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ አይታይም። ይህን ፊደል የሰጡን አባቶች የሚያነበው ሰው ቅን ይሆናል ብለው ጥብቀቱን ለአፋችን ተዉት። ለአፍና ለሕሊና። አፍ ሲገኝ ሕሊና ይጠፋል ብለው አላሰቡም።

በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያው ተለጠፈ። «ነዋሪው በድምፅ ማጉያ የሰማ በመሆኑ» ይላል። ልብ በሉ፤ «የተሰማ» አይልም። ያላሉትን ነገር ራሳቸው ሳያውቁት በግልጽ ጻፉት። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ስም፣ «አርቃቂ» ተብሎ። የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። ልታሰናብቱኝ ትችላላችሁ፤ ወንበሩ የሕዝብ ነው። ግን አንዲት ሴትዮ አፋቸው የተዘጋበትን ደንብ የጻፈው ሰው ተብዬ መሸኘት? እኔ? «ወይም» ብትለኝ ወተት የማላመጣው ሰውዬ?

ከዚያ ወዲህ በየንጋቱ አንድ ነገር አያለሁ። ሕልም በሉት፤ ግማሹን ነቅቼ ነው የማየው። መንደሩ በጭጋግ ተሸፍኗል። ጭጋጉ ወተት ይመስላል፤ ጣሪያዎቹ ብቻ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ በረንዳዎቹ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ከየቤታቸው ይላቀቃሉ። የተሰጣው ሸሚዝ ላያቸው ላይ እንደተሰጣ ነው። የአበባው ጣሳ፣ ጠረጴዛው፣ የተኛችው ድመት፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ቀስ እያሉ በመንገዱ መሐል ይመጣሉ። በመጨረሻ የእትዬ በረንዳ ይመጣል። እርሳቸው ላዩ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ እግራቸው መርገጫውን ሲረግጥ በረንዳው ይራመዳል። የሚሰፉት ጨርቅ ጫፍ የለውም፤ ከኋላቸው በጭጋጉ ውስጥ እየተጎተተ ይረዝማል።

ሁሉም ከምክር ቤቱ በር ላይ ይደርሳሉ። ዘበኛው «ቀጠሮ አላችሁ?» ይላል። በረንዳዎቹ ዝም ይላሉ። ምላስ የት ይኖራቸዋል? እኛ ውስጥ ነን፤ አረንጓዴው ብርሃን ላያችን ላይ ይፈስሳል፤ አንዱ ያነብባል፣ ሌሎቻችን አንገታችንን እንነቀንቃለን። «ነዋሪው ይሰማል፣ ነዋሪው ይሰማል» እያለ ያነብባል፤ ጠብቆም አይደል፣ ላልቶም አይደል። ውሃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነው። በሩ ይንኳኳል። በጣም በቀስታ። ማንም አይነሣም። እኔ ልነሣ እሞክራለሁ፤ እግሬ አይታዘዝልኝም። ባለቤቴ ትቀሰቅሰኛለች።

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«በር ክፈቺ።»

«ማን መጥቶ?»

«በረንዳ።»

ትንሽ ታስብና ብድግ ብላ በሩን ትከፍተዋለች። ከፍታ ታሳየኛለች፤ ጠዋት ነው፣ ማንም የለም። ባለቤቴ እንዲህ ናት። ሳይገባት እንኳ ትሰማለች።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ እርስዎን ከልቤ አከብራለሁ። ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ «ጉዳዩን እናጤነዋለን» ብለውኝ ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር ጊዜ የለውም፣ ቀን የለውም፣ ባለቤት የለውም። እኔ እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለሃያ ዓመት ከየደንቡ ስሰርዝ ኖሬያለሁ። የበረንዳዎቹ መነሻ ግን ቀን አለው፤ የመጪው ወር ሃያኛ ቀን ነው። የሚጤን ነገር ካለ ከዚያ በፊት ነው የሚጤነው። ከሃያ በኋላ ማጤን ለፍርስራሽ ምን ያደርግለታል?

አሳጥረው፣ እርስዎንም አልጠላዎትም። እውነቴን ነው። እዚህ ሳለሁ አብረን የሳቅነው ሳቅ ብዙ ነው። ዛሬም በእርስዎ ላይ ያየሁት ክፋት አይደለም፤ ችኮላ ነው። ሰው ሁሉ ተናግሮ እስኪጨርስ ሥራ አያልቅም ብለው ይፈራሉ። አዎ፣ አያልቅም። መንደር እኮ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ልመርቃችሁ።

ሜትር፣ መሬት ይለካልህ እንጂ አይጠርህ፤ ያቺ አደባባይህ ተሠርታ መሐሏ ላይ ቆመህ እውነተኛ መኪና ይጩህብህ። ጡሩምባው፣ ድምፅህ ይርዘም፣ ንባብህ ይዝገም። የምትጽፉ ሁሉ፣ እጆቻችሁ አይዛሉ። በየቢሯችሁ በር ላይ የሚቆም ሰው አይጥፋ፤ ሰው የማይቆምበት በር የተረሳ በር ነውና። ልጆቻችሁ ጥላ ባለው መንገድ ይሂዱ። ክቡር ሊቀ መንበር፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ፤ ከሁሉም በላይ እምቢ ማለት ያለብዎትን እምቢ የሚሉበት አንድ ጠዋት ይስጥዎ። አሳጥረው፣ ዕድሜዎ አይጠር።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ጥያቄ ነው። አንቀጽ ሰባት ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?

መልሱን በቃል አልቀበልም። በጽሑፍ እፈልጋለሁ፣ ማኅተም ያረፈበት። «ይሰማል» ብላችሁም እንዳትጽፉልኝ፤ ተምሬያለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር እሰጣችኋለሁ፣ አንዱን ምረጡ። ወይ «የነዋሪው ቃል ሳይደመጥ አንድም በረንዳ አይነሣም» ብላችሁ ጻፉ። ወይ «ነዋሪው ዝም ብሎ ያዳምጣል» ብላችሁ ጻፉና ስማችሁን ከሥሩ አኑሩ፤ የእኔን ስም ከዚያ ላይ አንሡልኝ። ሁለቱም ግልጽ ናቸው። ሁለቱም አይላሉም።

መልሱን የምቀበለው በእትዬ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ ሥራ የለኝምና ቀኑን ሙሉ እዚያ ነኝ። እስከ መጪው ወር አሥራ አምስተኛ ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። «እስከ» ስል አሥራ አምስተኛውን ቀን ጨምሮ ነው።